የመድኃኒት ዘርን በላብራቶሪ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ አብሽና ኮረሪማ የሚሸጡም የሚገዙም ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘሩን አይቼ፣ አሽትቼ አውቀዋለሁ። ላብራቶሪ ለምን አስፈለገ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ቅመም ተራ ሃያ ዓመት የቆየች ነጋዴ አብሽን ከድንብላል ለመለየት ማሽን አትፈልግም። ዘሩ ካልተፈጨ፣ ካልቆየና ካልተደባለቀ ዓይንና አፍንጫ በቂ ናቸው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ጥቁር አዝሙድና የሽንኩርት ዘር ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን በትኑ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሁለቱም ማዕዘን አላቸው፣ ሁለቱም ሸካራ ናቸው። አሁን አንዳንድ ፍሬ በጥፍራችሁ ጨፍልቁ። ጥቁር አዝሙዱ ወረቀቱ ላይ የዘይት ምልክት ይተዋል፣ ጠረኑም ወዲያው ራሱን ያስተዋውቃል። የሽንኩርቱ ዘር ያ ጠረን የለውም። እስካሁን ችግር የለም። ችግሩ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ስትፈጩ ይመጣል። ዱቄቱ ጥቁር ነው፣ የሚሸተውም አዝሙድ አዝሙድ ነው። ውስጡ ስንት እጅ ሽንኩርት እንደገባ አፍንጫ አይነግራችሁም። ላብራቶሪ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ስሙን ካወቅኩ ዘሩን አወቅኩ ማለት አይደለም?

አይደለም። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ በስም ወንድማማች ይመስላሉ፣ በዝምድና ግን ሩቅ ናቸው። ነጭ አዝሙድ የነድንብላል፣ የነከሙንና የነካሮት ቤተሰብ ነው። ጥቁር አዝሙድ (ሳይንሳዊ ስሙ ናይጄላ ሳቲቫ) ከዚያ ቤተሰብ የለበትም። ጠረናቸው ግን ይቀራረባል። ነጩ ታይሞል የሚባለው ውህድ በብዛት አለው፤ ጥቁሩ ደግሞ የታይሞል የቅርብ ዘመድ የሆነውን ታይሞኪኖንን ይዟል። አንድ ስም ያጋራቸው አፍንጫ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንስላል ደግሞ የባሰ ነው። ይኸው አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ተክሎች ተመዝግቦ ይገኛል። ዘራቸው ሲመረመር በአንዱ ውስጥ የሚገነው አኔቶል የሚባል ጠረናማ ውህድ ነው፣ በሌላው ካርቮን የሚባለው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። «ብላክ ኩሚን» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ የእኛው ጥቁር አዝሙድ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በኢራንና በህንድ የሚታወቀው የከሙን ዘመድ ቡኒየም ፐርሲከም ነው። ገልፍ አገር «ሐበቱ ሰውዳ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

የኬሚካል ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ዘሩ ይፈጫል፣ በአልኮል ወይም በመሰል ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ወደ ፈሳሹ የወጣው ነገር አንድ በአንድ ይነጣጠላል። ቀላሉ መንገድ ሲሊካ የተቀባ ስስ ሰሌዳ ነው። ከታች በኩል ጠብታ ትደረግበታለች፣ የሰሌዳው ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ጫፉ ውሃ የነካው ነጠላ እንዴት እየሳበ እንደሚርስ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ፈሳሹ ወደ ላይ ይሳባል፣ መንገድ ላይም ውህዶቹን በየደረጃው እያራገፈ ይሄዳል። ሰሌዳው ደርቆ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ታይሞኪኖን ያረፈበት ቦታ ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከጎኑ ንጹህ ታይሞኪኖን ተደርጎ ስለነበር ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ መድረሳቸው ይታያል።

ለሚተን ጠረን ጂሲ-ኤምኤስ የሚባለው ማሽን ይመረጣል። ናሙናውን አትንኖ በረጅም ቀጭን ቱቦ ያሳልፈዋል። ቀድሞ የሚወጣ አለ፣ ዘግይቶ የሚወጣ አለ። እያንዳንዱን ይሰባብርና ስብርባሪውን ይመዝናል። ስብርባሪው ለውህዱ እንደ ጣት አሻራ ነው። ለአበባው ብቻ የሚተከለው የጥቁር አዝሙድ ዘመድ ናይጄላ ዳማሴና በዚህ መንገድ ቶሎ ይጋለጣል። ዘሩ ሲጨፈለቅ እንደ እንጆሪ ይሸታል፣ የሚታወቅበትም ውህድ ዳማሴኒን የሚባል አልካሎይድ (ናይትሮጅን ያለው የተክል ውህድ) ነው።

የዘረመል ምርመራውስ?

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ከዝርያ ዝርያ የሚለይ አጭር ቦታ መርጦ ማንበብ ይበቃል። ይህ «የዲኤንኤ ባርኮድ» የሚባለው ሐሳብ የገነነው በ2003 ካናዳ ውስጥ በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ በፖል ሄበርት ሥራ ነው። እሱ የተነሳው ከእንስሳት ነበር። ለዚያ የተመረጠችው ቦታ ለእጽዋት አልሆነችም፤ እነሱ ላይ ለውጧ በጣም ቀርፋፋ ነው። በ2009 ለእጽዋት አርቢሲኤል እና ማትኬ የሚባሉ ሁለት ቦታዎች ተመረጡ። በመድኃኒት ዕፅ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አይቲኤስ2 የምትባለውን ሦስተኛ ይጨምራሉ። አጭር ስለሆነች ከተጎዳ ናሙናም ትገኛለች።

ሥራው ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ዘሩን ፍጭ፣ ዲኤንኤውን አውጣ፣ የምትፈልጋትን ቦታ በፒሲአር አባዛ፣ አንብብ፣ ከመዝገብ ጋር አመሳክር። በተግባር ግን ለምሳሌ ፌጦ ሰው ያሰቃያል። ፌጦ ውሃ ሲነካው የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዷ ፍሬ ዝልግልግ ለብሳ ታብጣለች። ሆድ ውስጥ የሚወደደው ይኸው ዝልግልግ ሙከራ ቱቦ ውስጥ ጠላት ነው። ዲኤንኤውን ይዞ ይጣበቃል፣ ፒሲአሩንም ያከሽፋል። ስለዚህ ሲታብ በሚባል ሳሙና መሰል ጨው ይታጠባል፣ በክሎሮፎርም ይለያል፣ አንዳንዴም እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል።

መዝገቡ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ማሽን «ይህ እገሌ ነው» የሚለው ቀድሞ ትክክለኛ ስም ከተሰጠው ተክል ጋር ሲያመሳክር ብቻ ነው። ለዚያ ነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ውስጥ ደርቀው የተለጠፉት ተክሎች የሚያስፈልጉት። ያ የደረቀ ቅጠል ከሌለ የዲኤንኤ ንባቡ ስም የሌለው ፊደል ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?

በጣም የምጠየቀው ይሄ ነው፣ መልሱም ጥያቄውን መመለስ ነው፦ ማወቅ የፈለጋችሁት ምንድን ነው? ዲኤንኤ «ይህ ማን ነው?» ለሚለው ይመልሳል። ኬሚስትሪ «ውስጡ ምን አለ?» ለሚለው። አንዱ ለሌላው ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ሲገፋ ነው ስህተት የሚመጣው።

ግብጦን ውሰዱ። ጎጃም ውስጥ ግብጦ ተቆልቶ ውሃ ውስጥ ለቀናት ሲዘፈዘፍ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ መራራ ነው። መራራ ያደረገው ሉፓኒንን የመሳሰሉ አልካሎይዶች ናቸው፣ ከበዙም ይጎዳሉ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ጣፋጭ ግብጦ የሚባሉ የተመረጡ አይነቶች ይዘራሉ። ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው። የዝርያ ባርኮድ ለሁለቱም ያንኑ «ግብጦ» ይላል፣ አልዋሸም። ያልተዘፈዘፈውን ከተዘፈዘፈው፣ መራራውን ከጣፋጩ የሚለየው ግን ኬሚስትሪ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። በ2015 እንግሊዝ አገር የተፈጨ ከሙን ውስጥ አልሞንድ ተገኘ ተብሎ ምርት ከገበያ ተነሳ። አልሞንድ አለርጂ ላለበት ሰው ቀልድ አይደለም። አልሞንድን ያሳየው ፕሮቲን የሚፈልግ ፈጣን ምርመራ ነበር። የመንግሥት ኬሚስቶች በዲኤንኤና በሌላ የተራቀቀ ማሽን ደግመው ሲያዩት ነገሩ ማህለብ ሆኖ ተገኘ። ማህለብ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ዳቦ ላይ የሚያደርጉት የዱር ቼሪ ዘር ነው። ለአልሞንድ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ፈጣኑ ምርመራ ለይቶ ማየት አልቻለም። ማህለቡ ከሙን ውስጥ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ኮረሪማ ብዬ ገዝቼ ሄል ቢሆንስ?

ያልተፈለፈለ ከሆነ ማንም አያታልላችሁም፤ የኮረሪማ ፍሬ ትልቅ ነው፣ ሄል ትንሽና አረንጓዴ። ሲፈጩ ነው የሚያስቸግሩት። ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም ሲኒዮል የሚባል ውህድ አላቸው። ስለዚህ «ሲኒዮል አለው፣ ኮረሪማ ነው» የሚል ውጤት ዋጋ የለውም። ሄል ከዚያ በላይ ተርፒኒል አሲቴት በብዛት ይይዛል፣ መለያው እሱ ነው። አንድ ውህድ ብቻ አይቶ መፍረድ በስም ብቻ ከመፍረድ ብዙም አይሻልም።

የቆየ፣ የተቆላ ወይም የተፈጨ ዘር መመርመር ይቻላል?

የቆየ ደረቅ ዘር ለዲኤንኤ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ዘር የተሠራው ለመቆየት ነው። እስራኤል ውስጥ ማሳዳ ላይ ከተገኙ 2,000 ዓመት ገደማ ካስቆጠሩ የቴምር ፍሬዎች አንዱ በ2005 ተተክሎ በቅሏል። ኬሚስትሪው ላይ ግን ዕድሜ ይፈርዳል። ታይሞኪኖን ብርሃንና ሙቀት አይወድም፣ ጠረኑም ይተናል። ፀሐይ ላይ በግልጽ ማሰሮ የከረመ ጥቁር አዝሙድ በዲኤንኤ ሙሉ ጥቁር አዝሙድ ነው፣ በኬሚስትሪ ግን ግማሽ ሰው ሊሆን ይችላል።

መቁላት ሁለቱንም ይጎዳል። እሳት ዲኤንኤን ይቆራርጠዋል፣ ስለዚህ አጫጭር ቦታዎችን መፈለግ ግድ ይሆናል። መፈጨት ብቻውን ችግር አይደለም፤ ላብራቶሪውም መጀመሪያ የሚያደርገው መፍጨት ነው።

የተደባለቀ ነገርስ፣ ለምሳሌ የተዘጋጀ በርበሬ?

በተራው የዲኤንኤ ንባብ አይሆንም። አሥር ሰው በአንድ ስልክ ሲጮህ መስማት ነው። እንዲህ ላለው ሜታባርኮዲንግ የሚባል ዘዴ አለ። እያንዳንዱን የዲኤንኤ ቁራጭ ለየብቻ በብዛት ያነባል። ነጭ አዝሙዱ፣ ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ በየስማቸው ይዘረዘራሉ፤ ያልተጠራ እንግዳ ካለም ይወጣል።

ግን ስንት እጅ እንደገባ በዚህ አትመኑ። አንዱ ተክል ዲኤንኤው በቀላሉ ይወጣል፣ ሌላው ይለግማል። ከንባቡ 40 በመቶው ድንብላል ሆነ ማለት በርበሬው 40 በመቶ ድንብላል ነው ማለት አይደለም።

የጥቁር አዝሙድ ዘይት እውነተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ይቅደም። ዘይት ውስጥ ዲኤንኤ በጣም ጥቂት ነው፣ የተጣራ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። የሚታየው የስብ አሲዶቹ ስብጥር ነው። ከጥቁር አዝሙድ ዘይት ግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፣ የሱፍ ዘይትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥቁር አዝሙድ ኢኮሳዳይኖይክ የሚባል ብርቅ አሲድ ጥቂት በመቶ ይዟል። የሱፍ ዘይት ሲጨመርበት ይህ ቁጥር ይወርዳል፣ ታይሞኪኖኑም አብሮ ይሳሳል።

አንድ ብልጥ ሰው የሱፍ ዘይት ላይ ከፋብሪካ የመጣ ታይሞኪኖን ቢጨምርስ? ታይሞኪኖንን ብቻ የሚለካ ምርመራ ያልፍለታል። ለዚያ ነው የስብ አሲዶቹንና ታይሞኪኖኑን አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገው።

መርዛማ ዘር ተቀላቅሎ ከሆነ የትኛው ያድናል?

ሰው ከታመመ ጊዜ ስለሌለ መርዙን በቀጥታ የሚፈልገው ኬሚስትሪ ይቀድማል። አስተናግር ኤትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ አልካሎይዶች አሉት። ዘሩ ኩላሊት መሰል ጠፍጣፋ ስለሆነ በዓይን ይለያል፣ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን አይታይም። በ2019 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካራሞጃ አካባቢ፣ የተከፋፈለ የእርዳታ ገንቢ ዱቄት የበሉ ወደ 300 ሰዎች ታመሙ፣ 5 ሞቱ። ዱቄቱ ሲመረመር የተገኘው እነዚሁ የአስተናግር አይነት አልካሎይዶች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የእኛው አገር ታሪክ ነው። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም፣ በሽታውም «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ተብሎ ነበር። በኋላ እህላቸው ሲመረመር ፒሮሊዚዲን የሚባሉ ጉበት ጎጂ አልካሎይዶች ተገኙ። ምንጩ አጌራተም ኮኒዞይደስ የሚባል አረም ነበር። ዘሩ ደቃቅ ነው። እህል ውስጥ የገባ ደቃቅ ዘር ማን ለቅሞ ይጨርሳል?

ከመድኃኒቱ ወገን ደግሞ ኮከብ መሰሉ ስታር አኒስ አለ። ለሕፃናት ሆድ ቁርጠት ሻይ ይፈላል። የቻይናው ይበላል፤ የጃፓኑ ዘመዱ አኒሳቲን የሚባል የነርቭ መርዝ አለው፣ ሲደርቁ ደግሞ አይለዩም። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ይህን ሻይ ጠጥተው 40 ያህል ሰዎች ከታመሙ በኋላ፣ ከነሱም 15ቱ ገደማ ሕፃናት ናቸው፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ትክክለኛው ዘር መሆኑ ከተረጋገጠ ያድናል ማለት ነው?

አይደለም። መታወቂያ ማየት ሰውየው ሥራ ይችላል ማለት አይደለም። ሐኪም የሰጣችሁን መድኃኒት ትታችሁ በላብራቶሪ ወረቀት ላይ አትደገፉ።

ምርመራው «ዲኤንኤ አልተገኘም» ካለ ተጭበርብሬያለሁ?

እዚህ ላይ ትልልቅ ሰዎችም ተሰናክለዋል። በ2015 የኒውዮርክ ግዛት ዋና ዓቃቤ ሕግ ቢሮ በታላላቅ መደብሮች የሚሸጡ የዕፅ እንክብሎችን በዲኤንኤ አስመረመረ። መለያው ላይ የተጻፈውን ተክል ዲኤንኤ ያሳዩት 21 በመቶ ብቻ ሆኑ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ግን ኬሚስቶች ተነሱ። ብዙዎቹ እንክብሎች በአልኮልና በሙቀት የወጣ ጭማቂ ናቸው፤ በዚያ ሂደት ዲኤንኤ ይጠፋል፣ ፈዋሽ የሚባለው ውህድ ግን ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ያልተቀነባበረ ዘር ላይ «አልተገኘም» ካለ ጠርጥሩ። ጭማቂ ወይም ዘይት ላይ ግን ይህ መልስ ምንም አልነገራችሁም፤ ኬሚስትሪውን ጠይቁ።

ዘሩ የባሌ ይሁን የህንድ ማወቅ ይቻላል?

የዝርያ ባርኮድ አይችልም፣ ሁለቱም ናይጄላ ሳቲቫ ናቸው። ብዙ የዘረመል ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ማየት ወይም ከአፈርና ከውሃ የሚመጣውን የአይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ምልክት መለካት ይረዳል። ለዚያም ከየአካባቢው የተሰበሰበ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። «የባሌ ጥቁር አዝሙድ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ላብራቶሪ በአንድ ቀን ያረጋግጥልኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ውጭ ላለ ላብራቶሪ ዘር በሻንጣ መላክ እችላለሁ?

ለጥናት ከሆነ ዝም ብሎ አይላክም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የዘረመል ሀብት ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ተቀባዩ አገርም የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። «እፍኝ ፌጦ ነው፣ ምን አለበት?» የሚል ብዙ ነው። ግን በጤፍ ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ዘሩ ወጥቶ ሆላንድ ውስጥ የባለቤትነት መብት ተመዘገበበት፤ ያ መብት በፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው በ2018 ነው።

የዘሩ ዲኤንኤ የማን ነው? የእናት ተክሉ ወይስ የአዲሱ?

የሁለቱም፣ ለዚህም ነው የሚያወዛግበው። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ የእናቱ ነው። ፅንሱ ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው። ፅንሱን የሚመግበው ስንቅ ደግሞ ሁለት እጅ ከእናት፣ አንድ እጅ ከአባት ይዟል። በጥቁር አዝሙድ ፍሬ ውስጥ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ይህ ስንቅ ነው።

አሁን ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ቢሆንስ? አርቢሲኤልና ማትኬ ያሉበት ክሎሮፕላስት (በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክፍል) አብዛኛውን ጊዜ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ስለዚህ በእነሱ ብቻ የተመረመረ ዲቃላ ዘር የእናቱን ስም ይዞ ይወጣል፣ አባቱ አይነሳም። አይቲኤስ2 ከሁለቱም ስለሚመጣ አባትየውን የማጋለጥ ዕድል አለው። ጥርጣሬው ከጠነከረ ቅርፊቱ ተልጦ ፅንሱ ብቻ ይወጣል። በጥቁር አዝሙድ ፍሬ ላይ ይህ በአጉሊ መነጽር ሥር በመርፌ ጫፍ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሦስተኛ ቡና ከጠጡ በኋላ ባይሞከር ይመረጣል።